ጆሮም ዓይንም ይጠየቃሉ

በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ርዕስ በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በአንድ እጃችን መጽሐፍ፣ በሌላው ስልክ ይዘናል። መጽሐፉን እናነባለን፤ ከስልኩ ደግሞ ቂርአቱን፣ ደርሱን፣ በድምጽ የተተረከውን መጽሐፍ እናዳምጣለን። አንዳንዶቻችን «በጆሮ ብቻ የገባ ዕውቀት ምኑ ዕውቀት ነው?» እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ሁሉም ነገር በድምጽ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?» እንላለን። ሁለቱም አባባሎች ጎደሎ ናቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከማስረዳቴ በፊት በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስህተቱ የኔው ነውና ማንንም አልወቅስም።

እኔ ቤት ስሆን የኢማም ነወዊን «ሪያዱ ሷሊሒን» በወረቀት አነባለሁ። መንገድ ላይ ስሆን ደግሞ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሲራና የሐዲስ ደርሶችን እሰማለሁ። ጧትና ማታ በታክሲ የማጠፋው ጊዜ ቀላል ስላልሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ካነበብኩት ይልቅ የሰማሁት ይበልጣል። በዚህም አላህን አመሰግን ነበር።

አንድ ቀን ከሐጅ የተመለሰ ጎረቤታችን ሰደቃ ጠራን። ከምሳ በኋላ «እስኪ አንድ ነገር አስታውሰን» ተባልኩ። እኔም ስለ ዕውቀት ተናገርኩ። በዚያው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ከሰማሁት ደርስ ላይ፣ ዕውቀትን እስከ ቻይና ድረስ ተጉዞም ቢሆን መፈለግ እንደሚገባ የሚያወሳውን ንግግር ወስጄ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ሐዲስ ነው ብዬ አቀረብኩ። ሰዉ ወደደው። አንድ ወጣትም በስልኩ ይቀዳኝ ነበር።

ከጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ በደረሳነት ቀርተዋል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉም ሲጨርስ በእጃቸው ጠሩኝና ዝግ ባለ ድምጽ «ልጄ፣ ይህን ሐዲስ ከየትኛው ኪታብ አገኘኸው?» አሉኝ። «ሸኽዬ፣ ከደርስ ላይ ነው የሰማሁት» አልኳቸው። «እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ደርስ ደግሜ ከፈትኩት። ያቆምኩበትን ቦታ አገኘሁት። ኡስታዙ ንግግሩን ጠቅሰው ሲያበቁ ነበር እኔ «ወራጅ አለ!» ብዬ ከታክሲ የወረድኩት። ከዚያ ቀጥለው የተናገሩትን አልሰማሁም። ቀጥለው ያሉት ደግሞ ይህ ነበር፦ ይህ ንግግር በሰዎች አፍ የተለመደ ቢሆንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመሆኑ አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም ኢብኑል ጀውዚ በነቢዩ ስም ተፈጥረው ከተነገሩ ሐዲሶች መካከል መዝግበውታል። አስተማሪው ሊያስጠነቅቁበት ያነሱትን እኔ ላስተምርበት ወሰድኩት ማለት ነው።

ወዳጆቼ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው መቀመጫው እሳት እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ሆን ብዬ አልዋሸሁም። ነገር ግን በሙስሊም ሰሒሕ መቅድም ላይ የሰፈረ ሌላ ሐዲስም አለ፤ የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ይኸው ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው የሚያመለክት ነው። ያን ሌሊት ይህ ሐዲስ እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ወጣቱን ፈልጌ አገኘሁት። ቅጂውን ለጓደኞቹ ልኮታል። ከጓደኞቹ አንዱ በመድረሳ ለሚያስተምራቸው ሕፃናት አሰምቷቸዋል። እርማቱን በድምጼ ቀድቼ በዚያው መንገድ እንዲሄድ አደረግኩ። በምትኩም ዕውቀት ፍለጋ መንገድ ለሚገባ ሰው አላህ የጀነትን መንገድ እንደሚያገራለት የሚገልጸውን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ትክክለኛ ሐዲስ አስቀመጥኩ። ሆኖም የመጀመሪያው ቅጂ እስከ ዛሬ ድረስ ከማላውቀው ሰው ተመልሶ ይመጣብኛል። ወረቀት ቢሆን ሰርዤ አስተካክለው ነበር። ከአፍ የወጣ ድምጽ ግን በምን ይሰረዛል?

ማዳመጥ ትንሽ ነገር አይደለም

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ማዳመጥ ይቅርብን» ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። ማዳመጥ በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ቁጥር 78 ላይ ከእናቶቻችን ሆድ ምንም የማናውቅ ሆነን እንዳወጣን፣ መስሚያን፣ ማያዎችንና ልቦችንም እንዳደረገልን ይነግረናል። መስሚያ በቅድሚያ መጠቀሱን ልብ በሉ። ሕፃንም ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የእናቱን ድምጽ ሰምቶ ነው ቋንቋ የሚማረው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ቁርኣን እንዲቀራላቸው ጠየቁት። እርሱም ቁርኣን የወረደው በእርስዎ ላይ ሆኖ ሳለ እኔ ልቅራልዎት? ብሎ ተገረመ። ከሌላ ሰው መስማት እንደሚወዱ ነገሩት። ሱረቱ ኒሳእን እየቀራ ቁጥር 41 ላይ ሲደርስ በቃ አሉት፤ ቀና ብሎ ቢያይ ዓይኖቻቸው እንባ ያፈሱ ነበር። ቁርኣኑ የወረደባቸው ነቢይ ከሌላ ሰው አንደበት መስማትን ከወደዱ፣ ማዳመጥን የሚንቅ ማን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጎህ እስከ ምሽት ከምድጃና ከልጆች የማትላቀቅ እናት አለች። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሹፌር፣ ከመርፌ ዓይኑን የማያነሳ ልብስ ሰፊ፣ ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኙ አባት አሉ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ፣ ልብስ እየተኮሰች በአማርኛ የሚሰጥ ደርስ የምታዳምጥ እህትም አለች። ለእነዚህ ሰዎች ድምጽ የዕውቀት በር ነው። በሩን የመዝጋት መብት ያለው የለም። ወሎ ውስጥም ያላነበበው ሕዝብ ዲኑን ከመንዙማና ከሸኾቹ አንደበት ነው የቀሰመው። በ1961 እ.ኤ.አ በግብጽ የሸኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ የቁርኣን ንባብ ተቀድቶ ሲወጣ፣ መስጊድ ሄዶ ከቃሪእ አፍ መስማት የማይችል ሰው ሁሉ በያለበት ትክክለኛ ቂርአት እንዲሰማ አስችሏል።

ድምጽ ልብ ላይ የሚጥለውን አሻራም አንርሳ። በአገራችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሰምቶ እንጂ ገጹን ገልጦ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ሆኖም ታሪኩን ጠይቁት፤ አይስተውም። ለልብ ወለድ እንዲህ ከሆነ፣ ለነቢያችን ታሪክ እንዴት አይሆን?

ግን የተጻፈውስ?

አዎ፣ ጆሮ ትልቅ ጸጋ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል እውነት ነው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከሰሐቦች ሁሉ ብዙ ሐዲስ በማስተላለፍ ይታወቃሉ። ነገር ግን በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ከርሳቸው የበለጠ ሐዲስ የያዘ ሰው ቢኖር ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ብቻ እንደሆነ መስክረዋል። ምክንያቱንም ሲናገሩ፦ እርሱ ይጽፍ ነበር፣ እኔ ግን አልጽፍም አሉ። መካ በተከፈተች ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉትን ንግግር የሰማ አቡ ሻህ የሚባል የየመን ሰው ነበር። ጻፉልኝ ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም እንዲጻፍለት አዘዙ። ይህ ሰው ከራሳቸው ከነቢዩ አንደበት ሰምቷል። ከዚህ የበለጠ መስማት የለም። ቢሆንም ወደ አገሩ የሚመለሰው ጽሑፉን ይዞ እንዲሆን ፈለገ።

ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ስለተገደሉ በአቡ በክር (ረ.ዐ) ትዕዛዝ ቁርኣን ሲሰበሰብ፣ ሥራው የተሰጠው ለዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ነበር። ዘይድ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሰው ነበር። ሆኖም በልቤ አለ ብሎ አልተቀመጠም፤ ከቴምር ዝንጣፊ፣ ከድንጋይ ገበታና ከሰዎች ልቦና እየፈለገ አሰባሰበ። በልብ ያለውን ከተጻፈው ጋር፣ የተጻፈውንም በልብ ካለው ጋር አገናኘ። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ሙስሐፎቹ ተገልብጠው ወደየአገሩ ሲላኩም፣ ዑለማኦች እንደሚያወሱት፣ ከሙስሐፉ ጋር የሚያስቀራ ሰው አብሮ ይላክ ነበር። ገጹ ከድምጽ፣ ድምጹም ከገጽ አልተለየም።

ይህን የምለው ገጽም ብቻውን እንደሚያሳስት ስለማውቅ ነው። በሐዲስ ዕውቀት ውስጥ «ተስሒፍ» የሚባል ነገር አለ። ከሸኽ ሳይሰሙ ከወረቀት ብቻ በማንበብ የሚመጣ ስህተት ነው። ዑለማኦች የሚጠቅሱት አንድ ታዋቂ ምሳሌ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊድ ውስጥ የሚሰግዱበትን ቦታ መከለላቸውን የሚናገር ሐዲስ ነበር፤ በዐረብኛ «ኢሕተጀረ» ይላል። ኢብኑ ለሂዓ የተባሉ አስተላላፊ ግን ከተጻፈ ወረቀት ሳይሰሙ ስለወሰዱት «ኢሕተጀመ» ብለው አስተላለፉት። ይህም በመስጊድ ውስጥ ዋግምት ተደረገላቸው ማለት ሆነ። አንዲት የመጨረሻ ፊደል ተቀየረችና መከለሉ ዋግምት ሆኖ አረፈው። ኢማሙ ሙስሊም ይህን ስህተት በመጽሐፋቸው አንስተውታል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ያ አስተላላፊ የተሳሳተው ስላልሰማ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ስላላየሁ ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ይህ ሁሉ ወደ ተግባር ካልተለወጠ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከራሴ ስህተት በኋላ ቤቴ ውስጥ የያዝኩትን ሥርዓት ላካፍላችሁ። የሚሻል ያለው የተሻለውን ይያዝ።

አንደኛ፣ ለጆሮና ለዓይን ሥራ ማከፋፈል ነው። ሲራ፣ የሰሐቦች ታሪክ፣ ልብን የሚያለሰልስ ምክር በጆሮ ቢገባ መልካም ነው። ቁጥርና ድንጋጌ ያለበት ነገር ግን ገጽ ይፈልጋል። የዘካን ጉዳይ ውሰዱ። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው አንድ አሥረኛ ነው፤ በድካምና በወጪ በመስኖ የለማው ግን አንድ ሃያኛ ነው። የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛው ላይ ማዳመጫውን ያወጣ ገበሬ ዕጥፍ ይከፍላል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ደግሞ የድሆችን ሐቅ በግማሽ ያጎድላል። የውርስ ድርሻ፣ የፍቺ ድንጋጌ፣ የዕዳ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ ቁጥር 282፣ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘን ለዚህ አይደለምን? የሰው ገንዘብ እንዲጻፍ ከታዘዘ የአላህ ድንጋጌማ እንዴት?

ሁለተኛ፣ ከድምጽ የሰማነውን ሐዲስ ከገጽ ላይ ሳናይ ወይም ለሚያውቅ ሰው ሳናቀርብ ለሌላ አናስተላልፍ። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይባላል፤ እውነት ነው። እስከ መጨረሻው ያልሰማ ግን ምን ሊያሰማ ነው? እኔ አሁን ትንሽ ደብተር በኪሴ እይዛለሁ። መንገድ ላይ የሰማሁትን ሐዲስ በሁለት ቃል እጽፋለሁ፤ ማታ መጽሐፍ ገልጬ እፈልገዋለሁ። ካላገኘሁት ዑለማእ እጠይቃለሁ። እስከዚያው አፌን እዘጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ቁርኣንን በሁለቱም እንያዘው። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። ከአምስቱ ሰላቶች በኋላ ሁለት ሁለት ገጽ የሚቀራ ሰው በቀን አሥር ገጽ ይቀራል፤ በሁለት ወር ገደማ ያኸትማል። አሥር ገጽ ማለት ግማሽ ጁዝ ነው። በተርቲል የሚቀራ ቃሪእ ይህን ግማሽ ጁዝ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይወጣዋል። ስለዚህ ጧት ወደ ሥራ ስንሄድ የሰማነውን አሥር ገጽ ከሰላቶቻችን በኋላ ብንቀራው፣ ጆሯችን አንደበታችንን ያርማል፤ ዓይናችንም የጆሯችንን መዘናጋት ይሞላል። ዐረብኛ ማንበብ የማይችል ደግሞ እየሰማ የአማርኛውን ትርጉም ይከታተል፤ ጎን ለጎንም አሊፍ ባ መቁጠር ይጀምር። ለመጀመር የሚያሳፍር ዕድሜ የለም።

አራተኛ፣ አዳብ። በሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 204 ቁርኣን ሲቀራ እንድናዳምጥና ዝም እንድንል ታዘናል። በየሱቁና በየሳሎኑ ቁርኣን ተከፍቶ ሰው ስለ ዋጋ ሲከራከር፣ ሲሳሳቅ እንሰማለን። የማናዳምጠው ከሆነ እንዝጋው። የቁርኣን ድምጽ የቤት ማሟሟቂያ አይደለም።

አምስተኛውና ለኔ ትልቁ፣ በቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የኢማም ነወዊ «አርበዒን» የሚባለው መጽሐፍ አርባ ሁለት ሐዲሶች አሉት። በሳምንት አንድ ሐዲስ ብንይዝ ዓመት ሳይሞላ እንጨርሰዋለን። አንዱ ልጅ ከወረቀት ያነባል፤ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ በሳምንቱ የሰማው ይጠየቃል። ማንበብ የማይችሉት አያት ሰምተው ይይዛሉ፤ ማንበብ የሚችለው ልጅ ደግሞ ከአያቱ አዳብ ይማራል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቀደምት ዑለማኦች ሐዲስ ሲያስተላልፉ ወይ ሸኹ ያነብባል ተማሪው ይሰማል፣ ወይ ተማሪው ያነብባል ሸኹ እየሰማ ያርመዋል። በኛም አገር ደረሳው ከኪታብ ሲቀራ ሸኹ በአማርኛ እየፈሰሩለት ነው የኖረው። ዓይንና ጆሮ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይገናኙ ነበር። ዛሬ የተለያዩት እያንዳንዳችን የየራሳችንን ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ሰክተን ስለተቀመጥን ነው።

በመጨረሻ ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ስህተቴን ካወቅኩ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። «ሸኽዬ፣ ትክክል ነበሩ፤ አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። «እኔን ምን በደልከኝና?» አሉና ከመደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ኪታብ እንዳወርድ አዘዙኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ጆሮዬ ግን ገና ነው። ቅራልኝ» አሉ። ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አንዲት ቃል ላይ ሐረካውን ሳትኩት። ኪታቡን ሳያዩ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አረሙኝ። ገጹ በኔ እጅ ነበር፤ ትክክለኛው ንባብ ግን እሳቸው ጆሮ ውስጥ ነበር።

ያን ጊዜ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ትዝ አሉኝ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የነቢዩም ሙአዚን ነበሩ። መንጋቱን ሰዎች እስኪነግሯቸው ድረስ የፈጅርን አዛን አያደርጉም ነበር። የሚያየው ጎህን አይቶ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ድምጻቸውን አሰምተው የሚያየውንም የማያየውንም ለሰላት ይጠራሉ።

አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ሸኽዬ ቤት እሄዳለሁ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። የልጅ ልጃቸውም አጠገባችን ተቀምጦ ሁለታችንንም ይሰማል። ታክሲ ውስጥ ማዳመጤን አልተውኩም። ነገር ግን ደርሱ ሳያልቅ ከወረድኩ፣ ቀሪውን ሳልሰማ ለማንም አልናገርም።

ውድ እህት ወንድሞች፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 36 ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል፤ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም ሁሉም ተጠያቂ መሆናቸውን ነግሮናል። ነገ ጆሮ «ሰምቼ ነበር» ይላል፤ ዓይን ደግሞ «ገልጦ እንዳየው አላደረገኝም» ብሎ እንዳይመሰክርብን እንጠንቀቅ።

ያ አላህ፣ ሰምተው መልካሙን ከሚከተሉት አድርገን። አንብበው ከሚሠሩበት አድርገን። በአንተና በመልእክተኛህ ላይ ያለ ዕውቀት ከመናገር ጠብቀን። ለተሳሳትነው ማረን፤ ያሳሳትናቸውንም ወደ ትክክለኛው መልስልን። ቤቶቻችንን ቁርኣን የሚቀራባቸው፣ ቁርኣን የሚደመጥባቸው ቤቶች አድርግልን። አሚን።

ወአኺሩ ደዕዋና አኒልሐምዱ ሊላሂ ረቢል ዓለሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።